ጄኔራል ሪላቲቪቲን በሃይላንድና በጭድ ክምር፦ ከደብረ ማርቆስ እስከ ዓባይ በረሃ

ጄኔራል ሪላቲቪቲ፣ ማለትም የአይንስታይን የስበት ቴዎሪ፣ ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው አንድ ማሳያ አለ። አንሶላ ይወጠራል። መሃሉ ላይ ድንጋይ ይቀመጣል። ብይ ሲለቀቅ ወደ ድንጋዩ ይንከባለላል። «ይኸው፣ ስበት ማለት ይህ ነው» ይባላል።

እኔ ይህን ማሳያ አልወደውም። ብዩ ለምን ወደ ጎድጓዳው ወረደ? ምድር ስለሳበችው ነዋ! ስበትን በስበት አስረድተን ምን ተማርን?

ስለዚህ ይህ መመሪያ አንሶላውን ትቶ ከመውደቅ ይጀምራል። አይንስታይንም የጀመረው ከዚያው ነው። በ1907 በርን ከተማ የፈጠራ መብት ቢሮ ውስጥ ሲሠራ አንድ ነገር ብልጭ አለለት፦ ከጣሪያ የወደቀ ሰው፣ እየወደቀ ሳለ የራሱ ክብደት አይሰማውም። ከዚያች ሐሳብ ተነሥቶ ሙሉ ቀመሩ ላይ ለመድረስ ስምንት ዓመት ፈጅቶበታል። የጨረሰው በኖቬምበር 1915 ነው። እኛ ሁለት ቅዳሜ ከሰዓት ይበቃናል። ካልተናገርኩ በቀር ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች፦ ባዶ ሃይላንድ፣ ምስማር፣ የእግር ኳስ፣ ክር፣ ፕላስተር፣ የክብሪት እንጨት፣ ሁለት ሦስት ወረቀት፣ ኮምፓስ፣ መቀስ፣ ስልክ። ጭድ ከተገኘ ደግሞ ጥሩ ነው። ጎጃም ውስጥ ጭድ ጠፋ የሚል ሰው አልፈልግም።

ደረጃ 1፦ የሚያፈስ ሃይላንድ ወርውሩ

ምስማሩን እሳት ላይ አግሉት። ሃይላንዱን ከታች በኩል ጎኑ ላይ ብሱት። ቀዳዳውን በጣት ደፍናችሁ ውኃ ሙሉት። ክዳኑን አትዝጉ። አሁን ጣታችሁን አንሡ። ውኃው ፊጭ ብሎ ይወጣል። ይህ የሚጠበቅ ነው።

ቀጥሎ ከትከሻ በላይ ከፍ አድርጋችሁ ልቀቁት። ሃይላንዱ እየወደቀ ሳለ ውኃው መፍሰሱን ያቆማል። ከሁለት ሜትር ከፍታ ሲለቀቅ መሬት እስኪደርስ 0.64 ሴኮንድ ብቻ ስለሚፈጅ በዓይን ሊያመልጣችሁ ይችላል። በስልክ በስሎው ሞሽን ቅረጹት።

ዋናው ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ሃይላንዱን ወደ ላይ ወርውሩት። ሰው ሁሉ «ሲወጣ ያፈሳል፣ ሲወርድ ያቆማል» ብሎ ይገምታል። እኔም ገምቼ ነበር። ቪዲዮውን ስታዩ ግን ከእጃችሁ ከተላቀቀበት ቅጽበት ጀምሮ፣ ሲወጣም ሲወርድም፣ አያፈስም። ለምን? ውኃውም ጠርሙሱም አብረው፣ በእኩል እየሄዱ ስለሆነ አንዱ ሌላውን አይጫነውም። ለውኃው ስበት የሚባል ነገር ጠፍቷል።

ደረጃ 2፦ ስልኩን ጠይቁት

ስልካችሁ ውስጥ ፍጥንጥነት የሚለካ ሴንሰር አለ። ፋይፎክስ (phyphox) የሚባለውን ነፃ አፕ ጫኑና «ከስበት ጋር» (with g) የሚለውን የፍጥንጥነት መለኪያ ክፈቱ። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት። 9.8 አካባቢ ያሳያል። እንግዲህ ስልኩን ጭድ ላይ ጣሉትና ግራፉን ተመልከቱ። በሚወድቅበት ጊዜ ወደ ዜሮ ይጠጋል።

ይህን በደንብ አስቡበት። ኒውተን «ጠረጴዛ ላይ ያለው ዕረፍት ላይ ነው፣ የሚወድቀው ኃይል እየሳበው ነው» ይለናል። ሴንሰሩ ተገላቢጦሹን ይናገራል። ምንም የማይነካው የሚወድቀው ነው። የሚገፋው ያለው ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው ነው፤ ጠረጴዛው ከታች ወደ ላይ ይገፋዋል። አይንስታይን ሴንሰሩን አመነ ማለት ይቻላል።

የመጀመሪያ ሙከራዬን የሠራሁት አጎቴ አውድማ ላይ ነው፤ ጤፉ ተወቅቶ ጭዱ ሲከመር። ከመሰላል ላይ ሆኜ ስልኩን ስጥለው አጎቴ ላይዳውን ተደግፎ አየኝና «እኛ እህል እናዘራለን፣ አንተ ስልክ ታዘራለህ ልጄ?» አለኝ። ሦስተኛው ውርወራ ክምሩን ስቶ መሬት ላይ አረፈ። ስክሪኑ ረገፈ። ስለዚህ ሁለት ምክር፦ ከወገብ ከፍታ በላይ አትጣሉ፣ የሰው ስልክ አትዋሱ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ስበት የሚጠፋው በትንሽ ቦታና በአጭር ጊዜ ውስጥ ብቻ ነው። አንድ ሃይላንድ ደብረ ማርቆስ፣ ሌላው ባሕር ዳር ላይ ቢለቀቅ ሁለቱም የሚያመሩት ወደ ምድር መሃል ነው። መንገዳቸው ትይዩ አይደለም፣ እየተቀራረበ ይሄዳል። ምንም ኃይል የማይሰማቸው ሁለት ነገሮች ከተቀራረቡ፣ ሰበቡ ያለው የሚሄዱበት ቦታ ቅርጽ ላይ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ቅርጽ መለካት ነው።

ደረጃ 3፦ የክብሪት እንጨት በኳስ ላይ

ኳሱ አናት ላይ አንድ ነጥብ ምልክት አድርጉ። ወገቡን በክር እሠሩ። ከአናቱ እስከ ወገቡ ሁለት ክሮች ወጥራችሁ በፕላስተር ያዙ፤ በመካከላቸው የወገቡ ሩብ ያህል ክፍተት ይኑር። ኳስ ላይ «ቀጥ ያለ መስመር» ማለት የተወጠረ ክር ነው። አሁን ሦስት ጎን አላችሁ። ማዕዘኖቹን ለኩ። ሦስቱም 90 ናቸው፣ ድምሩ 270። ክፍል ውስጥ የተማርነው 180 የሚሠራው ለጥ ያለ ወረቀት ላይ ብቻ ነው።

የክብሪቱን እንጨት አናቱ ላይ አስቀምጡ፤ ጫፉ በመጀመሪያው ክር በኩል ወደ ታች ይጠቁም። ሳታዞሩት በክሩ ላይ ወደ ወገቡ አውርዱት። ወገቡን ይዛችሁ ወደ ሁለተኛው ክር ውሰዱት፤ ጫፉ እስከ መጨረሻው ወደ ታች እንዳለ ይሁን። ከዚያ በሁለተኛው ክር ወደ አናቱ መልሱት። አንዴም አላዞራችሁትም። ግን ከተነሣበት አቅጣጫ 90 ዲግሪ ዞሮ ተመለሰ። 270 ከ180 የሚበልጠው በስንት ነው? በ90። የአጋጣሚ ነገር አይደለም።

ይቺ ክብሪት የሙሉው ቴዎሪ ልብ ናት። ጉንዳን ኳሱን ከውጭ ማየት ባትችልም እንጨት ይዛ ዞራ ስትመለስ የምትኖርበት ወለል ጠማማ መሆኑን ታውቃለች። ይህን በሒሳብ ያረጋገጠው ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ካርል ፍሪድሪክ ጋውስ ነው፣ በ1827። የሚገርመው፣ በእነዚያ ዓመታት ጋውስ የሃኖቨርን መሬት ሲቀይስ ነበር። እኛ አገር ማሳ በገመድ ሲለካ የሚደረገውን ነው፣ ትንሽ ሰፋ አድርጎ። ተማሪው በርንሃርድ ሪማን በ1854 ሐሳቡን ከወለል አውጥቶ ለማንኛውም የልኬት ብዛት አደረሰው።

ኮርቻ ያለው ሰው ኮርቻው ላይም ይሞክር። መቀመጫው ላይ የተወጠረ ሦስት ጎን ድምሩ ከ180 ያንሳል።

ደረጃ 4፦ የወረቀት አክንባሎ

አንሶላውን ከተውን በምትኩ የምሰጣችሁ ይህን ነው። ሩብ ሰዓት ይፈጃል፣ ግን አትቸኩሉ።

ወረቀት ላይ ራዲየሱ 10 ሳንቲሜትር የሆነ ክብ ሳሉ። ኮምፓሱን ሳትነኩ መርፌውን ጠርዙ ላይ አንድ ቦታ አቁሙና ጠርዙ ላይ ሌላ ነጥብ ምልክት አድርጉ። ሁለቱን ነጥቦች ከመሃሉ ጋር በማስመሪያ አገናኙ። 60 ዲግሪ የሆነ ቁራጭ ወጣ፤ ድፎ ዳቦ ተቆርሶ ሲነሣ የሚመስል። ገና አትቁረጡት።

የቁራጩን መሃል ለሁለት የሚከፍል መስመር ሳሉና በክቡ መሃል አሳልፋችሁ እስከ ማዶ ጠርዝ አድርሱት። ከዚህ መስመር በግራና በቀኝ፣ ሁለት ሁለት ሳንቲሜትር ርቃችሁ፣ ሁለት ትይዩ መስመሮች በቀይ እስክሪፕቶ ሳሉ። ከማዶው ጠርዝ ይነሡና የቁራጩን ጎን ሲነኩ ይቁሙ። በትክክል ከሳላችሁ ሁለቱም ጎኑን የሚነኩት ከክቡ መሃል 4 ሳንቲሜትር ላይ ነው። ካልሆነ አጥፍታችሁ እንደገና ሳሉ።

አሁን ቁራጩን ቆርጣችሁ አውጡ። ሁለቱን ጎኖች ገጥማችሁ በፕላስተር ያዙ። ወረቀቱ ትንሽ አክንባሎ ይሆናል።

ቀዮቹን መስመሮች ተመልከቱ። ትይዩ ሆነው ተነሡ። አንዱ በጫፉ በግራ፣ ሌላው በቀኝ አለፈ። ማንም አልጎተታቸውም፤ በማስመሪያ ነው ያሰመርናቸው። ግን ከጫፉ ጀርባ ተገናኙ! መስመሮቹን ወደ ፊት ብታስቀጥሉ ተቆራርጠው ያልፋሉ።

ይህ ለማሳያ ብቻ የተፈጠረ አይደለም። ከሩቅ የሚመጣ ብርሃን በከባድ ጋላክሲ ግራና ቀኝ አልፎ እኛ ጋ ሲገናኝ የሚሆነው እንደዚሁ ነው፤ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ይታያል። በ1979 የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎች ሰማይ ላይ ጎን ለጎን ያሉ፣ መንትያ የሚመስሉ ሁለት ኳሳሮች (በጣም ሩቅ ያሉ፣ እጅግ ደማቅ የጋላክሲ እምብርቶች) አገኙ። ሁለቱም አንድ ኳሳር ነበሩ። በመካከል ያለ ጋላክሲ ነው ሁለት ያደረጋቸው። አክንባሎው ከጋላክሲው የሚለየው ጥምመቱ ሁሉ ጫፉ ላይ መጠራቀሙ ነው። የጋላክሲው ጥምመት ዙሪያውን የተበተነ ነው።

አክንባሎው ሳይጣል አንድ ልኬት ይቀራል። ከጫፉ 6 ሳንቲሜትር ወርዳችሁ ዙሪያውን በክር ለኩ። ለጥ ያለ ወረቀት ላይ 37.7 ሳንቲሜትር ይሆን ነበር። እዚህ የምታገኙት 31.4 ነው። ዙሪያው ለራዲየሱ አነሰ ማለት ነው። ቁስ አካል ያለበት ቦታም እንዲሁ ያደርጋል። ምድርን ዙሪያዋን ለክተን ራዲየሷን ብናሰላና ከዚያ መሃሏ ድረስ ገመድ ብንሰድ፣ ገመዱ ካሰላነው 1.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ለዚያች ለምታህል ምድር አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል! ይህን ስሰማ ግር አለኝ። ቦታ የጠመመው ለዚህች ብቻ ከሆነ ድንጋይ እንዴት እንደዚያ ቶሎ ይወድቃል?

ደረጃ 5፦ መልሱ ጊዜ ላይ ነው

ሜዳ ላይ ከጓደኛችሁ 10 ሜትር ያህል ራቁ። ኳስ ወርውሩለት። አንዴ ቀስ ብላችሁ ወደ ላይ ከፍ አድርጉ፣ አንዴ አጥብቃችሁ በአግድም። ሁለቱም ከእናንተ እጅ ተነሥተው ጓደኛችሁ እጅ ገቡ። መንገዳቸው ግን ፈጽሞ አይመሳሰልም፤ አንዱ በጣም ጎብጧል፣ ሌላው ቀጥ ብሏል። ቦታው አንድ ከሆነ ጉብጠቱ ለምን ተለያየ?

ጊዜን አስገቡበት። በቪዲዮ ቆይታውን ለኩ። የመጀመሪያው 2 ሴኮንድ፣ ሁለተኛው 0.5 ሴኮንድ ቆየ እንበል። ከፍታውን ለማግኘት ቆይታውን በራሱ አባዙ፣ በ9.8 አባዙ፣ ለ8 አካፍሉ። የመጀመሪያው 4.9 ሜትር፣ ሁለተኛው 31 ሳንቲሜትር ገደማ ይመጣል።

ጊዜን ወደ ርቀት የምንቀይረው በብርሃን ፍጥነት ነው፤ በሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር። ስለዚህ የመጀመሪያው ኳስ በጊዜ አቅጣጫ 600,000 ኪሎ ሜትር ተጉዟል፣ ሁለተኛው 150,000። ርዝመቱን በሜትር አድርጋችሁ በራሱ አባዙ፣ ከዚያ ለከፍታው ስምንት እጥፍ አካፍሉ። የምታገኙት የቅስቱ ራዲየስ ነው።

ሁለቱም ያው ናቸው! 9.2 ትሪሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አንድ የብርሃን ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረው። የተለያዩ የመሰሉን ጊዜን ትተን ስላየናቸው ነው። ከጊዜ ጋር አንድ ላይ ሲሳሉ ሁለቱም እጅግ በትንሹ የጎበጡ፣ እኩል የጎበጡ መስመሮች ናቸው። ይህን ስሌት ደብተር ላይ በእጃችሁ ሥሩት። ሲነገር እንደ ቀላል ያልፋል፣ ሲሠሩት ነው የሚያስደነግጠው።

ደረጃ 6፦ ደጀን ላይ ያለ ሰዓት፣ ድልድዩ ላይ ያለ ሰዓት

ጊዜ ጠመመ ማለት ሰዓት እንደ ከፍታው ይለያያል ማለት ነው። ለዚህ ከጎጃም የተሻለ ቦታ የለም። ደጀን ጫፍ ላይ ከፍታው ወደ 2,400 ሜትር ነው። ሚኒባሱ ጠመዝማዛውን ይወርዳል፣ ጆሮ ይደፈናል፣ የፍሬን ሽታ ይመጣል፣ ሹራብ ይወልቃል። ዓባይ ድልድይ ስትደርሱ ከፍታው ከ1,000 ሜትር ብዙም አይበልጥም። ስልካችሁ ላይ የከፍታ አፕ ክፈቱና ሁለቱንም ቦታ መዝግቡ። ዳታ ባይኖርም ጂፒኤስ ይሠራል።

ስሌቱ አጭር ነው። በእያንዳንዱ ሜትር ከፍታ ሰዓት በዓመት 3.4 ናኖ ሴኮንድ ገደማ ይፈጥናል። ናኖ ሴኮንድ የሴኮንድ ቢሊዮንኛ ናት። 1,400 ሜትር ልዩነት ካለ ደጀን ላይ ያለው ሰዓት በዓመት 4.8 ማይክሮ ሴኮንድ ይቀድማል። 4,100 ሜትር ገደማ ላይ ያለው የጮቄ ተራራ አናት ላይ 70 ዓመት የኖረ ሰው፣ ድልድዩ አጠገብ ከኖረው እኩያው በሴኮንድ ሺኛ ሦስት አራተኛ ያህል ይበልጥ ያረጃል። ደጋ ዕድሜ ይጨምራል የሚሉ ሰዎች ይህን ለክርክር እንዳይጠቀሙበት።

የእጅ ሰዓት ይህን አያሳያችሁም፣ አትልፉ። ግን ተለክቷል። በ1960 ሮበርት ፓውንድና ግሌን ሬብካ ሃርቫርድ ውስጥ 22.5 ሜትር ከፍታ ባለው ማማ ሞከሩት። ይህ የጢስ ዓባይን ፏፏቴ ግማሽ ያህል ነው። በ2020 ጃፓኖች የቶኪዮን ረጅም ማማ 450 ሜትር ወጥተው በኦፕቲካል ሰዓት፣ ማለትም እጅግ ረቂቅ በሆነ የአቶም ሰዓት፣ ለኩት። የኦፕቲካል ሰዓት ዋጋ ቀንሶ ደጀን የሚመጣበትን ቀን እጠብቃለሁ።

ደረጃ 7፦ ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ማስረጃ

የጂፒኤስ ሳተላይቶች 20,200 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። በከፍታቸው ምክንያት ሰዓታቸው በቀን 45 ማይክሮ ሴኮንድ ይፈጥናል፤ በፍጥነታቸው ምክንያት ደግሞ 7 ይዘገያል። ትርፉ 38 ነው። ብርሃን በአንድ ማይክሮ ሴኮንድ 300 ሜትር ስለሚሄድ 38ን በ300 አባዙ። ካልታረመ የርቀት ልኬቱ በቀን 11 ኪሎ ሜትር ያህል ይዛባል። ለዚህ ሲባል ሰዓቶቹ ሳይመጠቁ በፊት ሆን ተብሎ ዘገም ተደርገው ይሞላሉ።

በ1977 ለጂፒኤስ ሙከራ የተሠራ ሳተላይት ሲመጥቅ ማስተካከያውን የተጠራጠሩ ነበሩ። ስለዚህ ማስተካከያውን ለ20 ቀን ያህል ሳያበሩት ቆዩ። ሰዓቱ ቴዎሪው እንዳለው ፈጠነ፣ ማስተካከያውም በራ።

ደረጃ 8፦ ወደ ሒሳቡ መግባት ለምትፈልጉ

ብዙ ተማሪ ከቴንሰር (ቴዎሪው ከሚጻፍበት ከባድ የሒሳብ መሣሪያ) ጀምሮ ሁለተኛው ሳምንት ላይ ይተወዋል። እኔ የምለው፣ ከኳሱ ወለል ጀምሩ። በኳስ ላይ ሁለት ቅርብ ነጥቦች ያላቸውን ርቀት በኬክሮስና በኬንትሮስ ጻፉ። ከዚያ የክብሪቷን ጉዞ በቀመር ጻፉ። ይህን ከቻላችሁ ሌላው የዚያው ማስፋፊያ ነው። አይንስታይንም ብቻውን አልቻለውም። በ1912 ዙሪክ ላይ የትምህርት ቤት ጓደኛውን ማርሴል ግሮስማንን እርዳኝ አለው። ግሮስማን የሪማንን፣ እንዲሁም የጣሊያናውያኑን የሒሳብ ሊቃውንት የሪቺንና የሌቪ ቺቪታን ሥራ አሳየው።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ወደ ብዙ ቦታ ይወስዳል። ክብሪቷ ከቦታ ውጭ ባለ ረቂቅ አቅጣጫ ስትዞር ኤሌክትሮማግኔቲዝም ይወጣል። የፊዚክስ ተመራማሪዎቹ ያንግና ሚልስ በ1954 ያንኑ ሲያሰፉት ዛሬ የአቶም አስኳልን ኃይል የምንገልጽበት ሒሳብ ተገኘ። የሪቺ ጥምመት ደግሞ በሪቻርድ ሃሚልተንና በግሪጎሪ ፔሬልማን እጅ በ2003 የፖይንካሬን ግምት፣ ማለትም ስለ ባለ ሦስት ልኬት ቅርጾች ለመቶ ዓመት ያህል ሳይፈታ የቆየውን የሒሳብ ጥያቄ፣ ፈታ። የሒሳብ ሊቋ ኤሚ ኖተር በዚሁ በጄኔራል ሪላቲቪቲ ውስጥ ኢነርጂ እንዴት ይጠበቃል የሚለውን ስትመረምር በ1918 ያወጣችው ቲዎረም ዛሬ ፊዚክስን ሁሉ ያዳርሳል። ጀርመን ጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ ስታስተምር በራሷ ስም ማስተማር ስላልተፈቀደላት ኮርሱ በዴቪድ ሂልበርት ስም ነበር የሚወጣው።

ደረጃ 9፦ ወንፊት አዘጋጁ

የብርሃን መጉበጥ የተፈተነው ሜይ 29 ቀን 1919 ነው፤ በእኛ ግንቦት 21 ቀን 1911፣ የማርያም ዕለት። ፀሐይ ስትጨልም እንግሊዛዊው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ አርተር ኤዲንግተን ከምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ ማዶ ባለችው ፕሪንሲፔ ደሴት ላይ፣ ሌላ ቡድን ደግሞ ብራዚል ሶብራል ላይ ከፀሐይ አጠገብ ያሉትን ከዋክብት ፎቶ አነሡ። የተጠበቀው የ1.75 የቅስት ሴኮንድ ፈቀቅታ ነበር (አንድ የቅስት ሴኮንድ የአንድ ዲግሪ 3,600ኛ ናት)፤ ይህም የአንድ ብር ሳንቲም ከ3 ኪሎ ሜትር ርቀት ሲታይ የሚያህለው ነው። ኤዲንግተንን ደመና አስቸግሮት ካነሣቸው ፎቶዎች የረቡት ጥቂት ናቸው።

ሐምሌ 26 ቀን 2019 በእኛ አቆጣጠር ሙሉ ግርዶሽ በግብፅ፣ በሳዑዲና በየመን ያልፋል። ጎጃም ላይ ፀሐይ የምትሸፈነው በከፊል ነው፤ ስለዚህ ከዋክብት አይታዩም፣ የኤዲንግተንን ልኬት መድገም አይቻልም። በዓይናችሁ አትመልከቱ። ቀዳዳው ሰፋ ያለ የእህል ወንፊት ይዛችሁ ወጥታችሁ ጥላውን ለጥ ያለ መሬት ላይ ጣሉት። በእያንዳንዱ ቀዳዳ ሥር አንድ አንድ የተገመጠች ፀሐይ ትታያለች። ችግሩ ሐምሌ መሆኑ ነው። የጎጃም ሐምሌ ደመና ለኤዲንግተንም አይመለስም ነበር።